ስለ አምበር ኤል ቢራ፦ ጣዕሙና ሒሳቡ

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ታክስ ቅጽ፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ መኖሪያ ወረቀት ስለሆነ ዛሬ ስለ አንድ ብርጭቆ ቢራ ለመጻፍ መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። ነገሩን ያነሡት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እህታችን ናቸው። የሦስት ወር የሽያጭ ታክሳቸውን ልንሠራ ተቀምጠን ሳለ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገው፣ «ወንድሜ፣ ደንበኞቼ አምበር የሚሉትን ቀይ ቢራ እየጠየቁ አስቸገሩኝ። እኔ የማውቀው ጊዮርጊስንና ሐረርን ነው። ላስገባው ወይስ ይቅርብኝ?» አሉኝ።

ሒሳቡን በወረቀት ላይ ማስቀመጥ ቀላል ነው። ነገር ግን ከቅመማችን ጋር የማይስማማ ቢራ ማስገባት ገንዘብን ማቀዝቀዣ ውስጥ መቅበር ስለሆነ፣ አስቀድመን ብንቀምሰው ይሻላል ብዬ መለስኩላቸው። እሳቸውም ምግብ ቤታቸው በሚዘጋበት ሰኞ ማታ ቤታቸው ጠሩን። የመጣነው እኔና ሁለት የታክሲ ባለንብረቶች ስንሆን፣ የእህታችን እናትም አብረውን ነበሩ። ከባለታክሲዎቹ አንደኛው የዕለት ሥራውን ጨርሶ፣ ባለቤቱ አድርሳው የመጣ ነው። ሁለተኛው ግን ከምሽቱ በኋላ ወደ ኤርፖርት የሚወጣ ስለነበረ፣ «እኔ አሸታለሁ እንጂ አልቀምስም» ብሎ ውኃውን ይዞ ተቀመጠ። የዚህ ሰው ጥንቃቄ ከልክ ያለፈ የሚመስላችሁ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ጠማቂ አይደለሁም። ይሁንና ዲግሪዬን የሠራሁት በእንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ስለሆነ የኤልን ጠባይ በመጠኑ የተማርኩት እዚያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጓደኞቼ መጠጥ ቤት ወስደውኝ ቡናማ፣ አረፋው ያነሰ፣ እምብዛም ያልቀዘቀዘ ቢራ ሲቀዳልኝ፣ በልቤ «የሰውየው ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ይሆን?» ብዬ ነበር። የተበላሸ ነገር አልነበረም። ኤል እንደዚያ የሚጠጣ ኖሮ፣ እኔ ከአዲስ አበባ ይዤው የሄድኩት ምላስ ግን የሚያውቀው ላገርን ብቻ ነበር።

ቢራ በሁለት ትልልቅ ቤተሰብ ይከፈላል። ላገር የሚባለው እርሾው በብርድ፣ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቀስ ብሎ የሚሠራበት ሲሆን፣ ከተጠመቀ በኋላም በቅዝቃዜ ይቆያል። በ1922 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቋቋመው የጊዮርጊስ ቢራ፣ እንዲሁም ሐረር፣ ሜታና በደሌ በብዛት ያስለመዱን ይህንኑ ነው። ንጹሕ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ በጣም ቀዝቅዞ ሲጠጣ ጉሮሮ የሚያረካ ነው። ኤል ግን እርሾው ሞቅ ባለ ቦታ፣ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ በፍጥነት የሚሠራበት ነው። በዚህም ምክንያት ከእርሾው የፍራፍሬ ሽታ የሚመስል ነገር ይተርፋል። እንግዲህ እናቶቻችን ጓዳ ጥግ ጋን አስቀምጠው፣ በቤቱ ሙቀት የሚጠነስሱት ጠላ ከሁለቱ ለየትኛው ይቀርባል ቢባል መልሱ ለኤል ነው። ከላገር በፊት የነበረው የሰው ልጅ ቢራ ሁሉ፣ የእኛም የፈረንጁም፣ በዚሁ በኩል የሚመደብ ነው።

አምበር የሚለው ስም የመጣው ለጌጥ ከሚውለው፣ ደርቆ ድንጋይ ከሆነ የጥንት ዛፍ ሙጫ ቀለም ነው። ማር የሚመስለውን ማለቴ ነው። ይህን ቀለም የሚሰጠው ብቅሉ ነው። ጠማቂዎቹ የብቅሉን ጥቂት ክፍል ገና እርጥብ ሳለ እየዞረ በሚያሞቅ ምድጃ ውስጥ ያስገቡታል። በውስጡ ያለው ስታርች እዚያው ቅንጣቷ ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ሙቀቱ ሲጨመር ደግሞ ስኳሩ ይጠበሳል። ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ዱቄቱ በውኃ ርሶ ምጣድ ላይ እየታመሰ እንኩሮ ሲሆን ቤቱን የሚሞላውን ሽታ አስታውሱ። መንገዱ ይለያይ እንጂ እርጥበትና እሳት እህል ላይ የሚሠሩት ሥራ ተመሳሳይ ነው። መራራነቱን በእኛ አገር ጌሾ ይሰጣል፣ በእነሱ አገር ሆፕ የሚባለው የሐረግ አበባ ይሰጣል።

በዚህ በካሊፎርኒያ የትንንሽ ጠማቂዎች ታሪክ ረጅም አይደለም። በ1965 ፍሪትዝ ሜይታግ የተባለ ወጣት ሊዘጋ የተቃረበውን የሳን ፍራንሲስኮውን የአንከር ፋብሪካ ገዛ። በ1976 ጃክ ማካሊፍ በሶኖማ ኒው አልቢዮንን አቋቋመ። በ1982 የክፍለ ግዛቱ ሕግ ጠማቂ እዚያው በራሱ ቤት ቢራውን ከምግብ ጋር እንዲሸጥ ፈቀደ፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንደ እንጉዳይ ፈላ። እኛ የቀመስነው ቡንት አምበር ኤል የሚባለው ነው፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን፣ ቡንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ በ1987 የተመሠረተው የአንደርሰን ቫሊ ቢራ ፋብሪካ ምርት። የቡንቪል ሰዎች ባለፈው ሳይሆን ካለፈው በፊት በነበረው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ለራሳቸው የፈጠሩት፣ እንደ አራዳ ቋንቋችን ያለ ቡንትሊንግ የሚባል መግባቢያ አላቸው። ፋብሪካው «ባል ሆርኒን» እያለ ይጽፍበታል፣ መልካም መጠጥ ማለት ነው። በጣሳው ላይ የአጋዘን ቀንድ ያበቀለ ድብ አለ። በእንግሊዝኛ የድብና የአጋዘን ስም ሲዳቀል ቢር የሚለውን ይሰጣልና። ባለታክሲው ወዳጃችን ይህንን ስነግረው ከቢራው ይልቅ በዚህ ሳቀ።

ጣሳዎቹን ከማቀዝቀዣ አውጥተን አሥር ደቂቃ ያህል ጠረጴዛው ላይ አቆየናቸው። እህታችን «ይሞቃል እኮ!» እያሉ ሁለት ጊዜ ሊመልሷቸው ነበር። ምላስ በብርድ ሲደነዝዝ የብቅሉ ጣዕም ስለማይሰማ ነው ያቆየነው። በብርጭቆ ሲቀዳ ቀለሙ ከተጣራ ጠጅ ጠቆር ይላል፣ ቀጠን ያለ ሻይ በብርሃን ሲታይ እንደሚሆነው ወደ መዳብ ያደላል። አረፋው እንደ ጊዮርጊስ በረዶ መሳይ ነጭ ሳይሆን ክሬም የሚመስል ሲሆን ቶሎ አይጠፋም። ሽታው የዳቦ ቅርፊት ነው፣ ከሥሩ የተጠበሰ ስኳር ይከተላል። በመጀመሪያው ጉንጭ ጣፋጭነት ይቀድማል። ቀጥሎ ልክ የገብስ ቆሎ ሲቆረጠም መጨረሻ ላይ ምላስ ላይ እንደሚቀረው ዓይነት ጣዕም ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ መራራው ለስለስ ብሎ ይዘጋዋል። አፍ ውስጥ ከላገር ይወፍራል። ይህን ያህል ካመሰገንኩት ጉድለቱንም ልናገር። ብርጭቆው እየሞቀና ወደ ማለቂያው እየደረሰ ሲሄድ ጣፋጭነቱ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ሁለተኛ ብርጭቆ አላሰኘኝም። በሎስ አንጀለስ የነሐሴ ሙቀት፣ ከቀትር በኋላ፣ ያለ ምግብ ይህን ቢራ የሚጠይቅ ብዙ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም።

ከምግብ ጋር ግን ሌላ ነገር ነው። እህታችን ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ ሽሮና ጎመን አቅርበው ነበር። ከዶሮ ወጡ ጋር ሲገናኝ ሁላችንም ዝም አልን። ለሰዓታት የበሰለው ሽንኩርት የሚያወጣው ጣፋጭነትና የቢራው የተጠበሰ ስኳር የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፣ በርበሬውንም ያለዝበዋል። ዛሬ በየመጠጥ ቤቱ የሚወደደው አይፒኤ የሚባለው እጅግ መራራ ቢራ የዚህን ተቃራኒ ነው የሚሠራው። መራራነቱ የሚጥሚጣን ማቃጠል ያባብሰዋል። ስለዚህ ምግብ ቤት ያላችሁ ሰዎች አሜሪካዊ ደንበኛ አንድ የቢራ ሐሳብ ስጡኝ ቢላችሁ ከወጥ ጋር አምበሩን ብታቀርቡለት አታፍሩም። የእንጀራው ኮምጣጣነትም ቢራውን የበለጠ ያጣፍጠዋል። ከክትፎው ጋር መካከለኛ ነው፣ ቅቤውና ቢራው ሁለቱም ከባድ ስለሆኑ። ከጎመን ጋር አልተግባባም። ስለ ሽሮው ተከራክረን አልተስማማንም። እኔ ጥሩ ነው ባይ ነኝ።

ከሁሉም የሚበልጠውን አስተያየት የሰጡት እማማ ናቸው። ሁለት ጊዜ ፉት ብለው ብርጭቆውን አዩትና፣ «ይኼማ ጠላ ነው። ጋኑን ግን አላጠኑትም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የጎደለው የወይራ ጭስ ነው። ይህን ብለው ሄደው ራሳቸው የጠመቁትን ጠላ በጆግ አመጡልን። ጎን ለጎን ሲቀመሱ ዝምድናው ግልጽ ሆነ። ጠላው ኮምጠጥ ይላል፣ ጭሱ አለው፣ አረፋ የለውም፣ አምበሩ ይጣፍጣል፣ ይጣራል፣ ይፈላል። ባለታክሲው ለእማማ፣ «እማዬ፣ ይህን ፌርፋክስ ላይ ቢሸጡት ሀብታም ይሆኑ ነበር» አላቸው። እዚህ ላይ ሥራዬ ትዝ አለኝና ጣልቃ ገባሁ፣ ለእናንተም ልድገመው። የፌዴራሉ ሕግ ቤት ውስጥ ቢራ ለራስ መጥመቅን ከ1979 ጀምሮ ፈቅዷል። አንድ አዋቂ ብቻ ባለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ባሉበት ቤት 200 ጋሎን ድረስ ነው። መሸጥ ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። ጠላውም ሆነ ጠጁ ከቤት ተጠምቆ ምግብ ቤት ውስጥ ለገንዘብ ከቀረበ፣ የባህል መጠጥ ነው ማለት መከላከያ አይሆንም፣ ፈቃዱም ሊሄድ ይችላል።

አሁን ውኃ ይዞ ወደ ተቀመጠው ወንድማችን ልመለስ። ስለ አምበር ኤል ስጽፍ ከጣዕሙ እኩል እንድታውቁልኝ የምፈልገው ቁጥሩን ነው። ከአገር ቤት የለመድነው ላገር ጥንካሬው ባብዛኛው ከ5 በመቶ በታች ነው። የቀመስነው አምበር 5.8 በመቶ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አሜሪካኖች አንድ መጠጥ ብለው የሚቆጥሩት 12 አውንስ ባለ 5 በመቶ ቢራ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ንጹሕ አልኮል 14 ግራም ያህል ነው። ድራፍቱ ደግሞ ብዙ ቦታ የሚቀዳው በ16 አውንስ ብርጭቆ ነው። 16ን በ5.8 በመቶ አባዙት፣ ለ12 በ5 በመቶ አካፍሉት፣ 1.55 ይመጣል። «አንድ ብቻ ነው የጠጣሁት» ያለ ሰው የጠጣው አንድ ተኩል ነው ማለት ነው። ሁለት ጃምቦ የጠጣ ሦስት መጠጥ ጠጥቷል። ጣፋጭነቱ ደግሞ ጥንካሬውን ይሸፍነዋል።

ይህ ለባለታክሲ ለምን ልዩ ነገር ሆነ? በካሊፎርኒያ ለአብዛኛው አሽከርካሪ የደም አልኮል ገደብ 0.08 በመቶ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከጁላይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ግን በክፍያ ተሳፋሪ የጫነ ሰው ገደቡ 0.04 ነው። ታክሲም ሆነ ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ክብደቱ 160 ፓውንድ የሆነ ወንድ አንድ ባለ 16 አውንስ አምበር ቶሎ ቢጠጣ በተለመደው የሒሳብ ቀመር 0.044 አካባቢ ይደርሳል። ይህ ግምት ነው። የሆድ ሙላት፣ የሰውነት ክብደት፣ ሴት ወይም ወንድ መሆን ይለውጡታል። ሰውነት አልኮልን የሚያስወግደው በሰዓት በግምት 0.015 ነውና አንዷ ብርጭቆ እስክትጠፋ ሦስት ሰዓት ገደማ ትወስዳለች፣ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ አያፋጥነውም። ሕጉ ከዚህም ሌላ መንገድ አለው። ቁጥሩ ከገደቡ በታች ቢሆንም ፖሊሱ አነዳዱ በመጠጥ ተበላሽቷል ብሎ ማስከሰስ ይችላል። ወንድማችን ያሸተተው ነገር 5.8 መሆኑን ሳያውቅ ነው የተጠነቀቀው። ቁጥሩን ሳሰላለት ብርጭቆውን ትንሽ ወደዚያ ገፋ አደረገው።

የመኖሪያ ወረቀቱን ጉዳይ በአጭሩ ላንሣ። ሕግ አማካሪ ስላልሆንኩ የራሱ ጉዳይ ያለው ሰው ከማንኛውም ቃል በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን 400 የሚባለው፣ የተያዛችሁበትን ወይም የተከሰሳችሁበትን ነገር ሁሉ ይጠይቃል። ጉዳዩ ቢዘጋም፣ ቢሰረዝም መልሱ አዎን ነው። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ካስቲዮ ፔሬዝ በተባለው ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ መልካም ጠባይ በሚመረመርበት ጊዜ ውስጥ ጠጥቶ በመንዳት ሁለትና ከዚያ በላይ ጊዜ የተፈረደበት ሰው መልካም ጠባይ እንደሌለው ይገመታል፣ ይህን ግምት ማፍረስ የአመልካቹ ሸክም ነው። ለዜግነት ጊዜው ባብዛኛው አምስት ዓመት፣ ዜጋ ላገባ ሦስት ዓመት ነው። አንድ ጊዜ የተፈረደበት ሰው በዚያ ብቻ ነገሩ አለቀለት ማለት አይደለም። ሆኖም ፋይሉ ይከብዳል፣ የመኪናው ኢንሹራንስም ይወደዳል፣ ለባለታክሲ ደግሞ የመንጃ ፈቃዱ መታገድ ማለት የቤት ኪራዩ መታገድ ማለት ነው።

ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። የቀመስናቸውን ጣሳዎች እኔ ከሰፈር ሱቅ የገዛኋቸው ናቸው። ምግብ ቤታቸው ውስጥ ያላደረግነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፈቃድ ያለው ነጋዴ ለሽያጭ የሚያቀርበውን ቢራ መግዛት ያለበት ከጠማቂው ወይም ፈቃድ ካለው ጅምላ አከፋፋይ ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ ቢራ አለቀ ብሎ ከትልቁ መደብር ሁለት ካርቶን ጭኖ መጥቶ መሸጥ በወገኖቻችን ዘንድ የተለመደ ስሕተት ነው። የካሊፎርኒያ የአልኮል ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፣ ኤቢሲ የሚሉት፣ መርማሪው መጥቶ የግዢ ደረሰኝ ሲጠይቅ ከመደብር የተሰጠውን ደረሰኝ ብታሳዩት ራሳችሁ ላይ እንደመመስከር ይቆጠራል። ከአከፋፋዩ ሻጭም «የመጀመሪያው በርሚል በነፃ» የሚል ነገር ብትሰሙ አትቀበሉ፣ ሕጉ አቅራቢ ለቸርቻሪ እንዲህ ያለ ስጦታ እንዲሰጥ አይፈቅድም። ምግብ ቤት ለቢራና ለወይን የሚያስፈልገው ፈቃድ ዓይነት 41 ነው፣ ለሱቅ ደግሞ ዓይነት 20 ነው። አስተናጋጆቻችሁና ሥራ አስኪያጆቻችሁም ከ2022 ወዲህ ግዴታ የሆነውን የአልኮል አገልግሎት ሥልጠና በተቀጠሩ በ60 ቀን ውስጥ ወስደው ማለፍ አለባቸው። የምስክር ወረቀቱ ለሦስት ዓመት ያገለግላል።

የትርፉ ሒሳብ እንዲህ ነው። ለትንሽ ምግብ ቤት የሚስማማው የበርሚል ስድስተኛ የሚባለው ትንሹ ኬግ ነው፣ 5.16 ጋሎን፣ ወይም 660 አውንስ ገደማ ይይዛል። በአረፋና በመፍሰስ አንድ አሥረኛው ይጠፋል እንበል፣ የሚተርፈው 594 ነው። በ16 አውንስ ሲቀዳ 37 ብርጭቆ፣ በ12 አውንስ ሲቀዳ 49 ብርጭቆ ይወጣዋል። ለምሳሌ ያህል ኬጉን በ110 ዶላር ገዛችሁ እንበል። ትልቁን ብርጭቆ በ8 ዶላር ብትሸጡ 296 ዶላር፣ ትንሹን በ7 ዶላር ብትሸጡ 343 ዶላር ታስገባላችሁ። የ47 ዶላር ልዩነት ከአንድ ኬግ ነው። በትንሹ ብርጭቆ የሚጠጣው ሰው ደግሞ ከአንድ መጠጥ ብዙም አያልፍም። ቢራውም ሳይሞቅና ሳይጣበቅ ያልቃል፣ ከላይ የነገርኳችሁ ጉድለት በዚህ ይድናል። ባንኮኒው ላይ ብትሆኑ እኔ የምመርጠው ባለ 12ቱን ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር፣ ሁለቱም በየዓመቱ የማገኛቸው ስሕተቶች ናቸው። አከፋፋዩ ለባዶው በርሚል የሚይዘው መያዣ ወጪ አይደለም፣ የእናንተው ገንዘብ ስለሆነ በመዝገባችሁ እንደ ተቀማጭ ጻፉት። ሁለተኛው የሱቅ ባለቤቶችን ይመለከታል። ባለ ስድስት ጣሳው በ12 ዶላር ቢሸጥ፣ በጣሳ 5 ሳንቲም የመልሶ መጠቀሚያ ክፍያ ሲጨመር 12.30 ይሆናል። ቢራ ታክስ የሚከፈልበት ስለሆነ ክፍያውም አብሮ ይታክሳል። በሎስ አንጀለስ ከተማ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ያለው 9.75 በመቶ ሲሰላበት 1.20፣ ጠቅላላው 13.50 ነው። ብዙ ሱቆች ታክሱን በ12ቱ ላይ ብቻ አስልተው ልዩነቱን ኦዲት ሲመጣ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። የጠማቂው ታክስ ግን የእናንተ ጉዳይ አይደለም፣ በዋጋው ውስጥ ገብቶ ነው የሚመጣው። ለትንሽ ጠማቂ የፌዴራሉ ግብር በመጀመሪያዎቹ 60,000 በርሚሎች ላይ በበርሚል 3.50 ዶላር፣ የካሊፎርኒያው በጋሎን 20 ሳንቲም ነው። በአንድ ባለ 16 አውንስ ብርጭቆ ላይ ሁለቱ ተደምረው አራት ሳንቲም አይሞሉም። ሻጩ «ታክሱ ነው ያስወደደው» ቢላችሁ አትመኑት።

ምናሌው ላይ የአንድ ፋብሪካ ስም በትልቁ አታሳትሙ የምለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት አንከር ከ1896 ጀምሮ የነበረ ስም ሲሆን በ2023 ተዘጋ፣ በ2024 የገዛው ሐምዲ ኡሉካያ ከቱርክ መጥቶ የቾባኒን እርጎ ያቋቋመ ስደተኛ ነው። በኮሎራዶ በ1991 የተቋቋመው ኒው ቤልጂየም ደግሞ ፋት ታየር የተባለውን፣ ወፍራም ጎማ ማለት ነው፣ ለብዙ አሜሪካዊ የአምበር ትርጉም የነበረውን ቢራ በ2023 ቀይሮ ፈዘዝ ያለ አደረገው። ስለዚህ «አምበር ኤል፣ 5.8 በመቶ፣ 12 አውንስ» ብሎ በሚለወጥ ወረቀት ላይ መጻፉ ይበቃል። ጥንካሬውን መጻፍ ለደንበኛው ውለታ ነው፣ ከውጭ ታክሲ ላቆመው ደግሞ የበለጠ።

እህታችን አንድ ትንሽ ኬግ ለሙከራ አዝዘዋል፣ ባለ 12 አውንስ ብርጭቆም ሁለት ደርዘን ገዝተዋል። ቱቦው በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ እንዳለበት ስነግራቸው፣ «እንደ ጋን ነው በለኛ» አሉኝ። ጊዮርጊስና ሐረር በቦታቸው ይቆያሉ።

ለኤርፖርት የወጣው ወንድማችን ያን ምሽት አንድ ያልተከፈተ ጣሳ ተቀብሎ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀምጦ ሄደ። ረቡዕ የዕረፍት ቀኑ ነው። ማታ ደውሎ፣ «ወንድሜ፣ ቀመስኩት። እማማ ትክክል ናቸው። ስለ ሽሮው ግን ተሳስተሃል» አለኝ።